የቆዳ ጨው

ጅማ፥ ሄርማታ ላይ፥ ከከብት ተራው ጀርባ፣
በሐምሌ ጠዋት ነው ጆንያው የሚያነባ።
ዝናቡ ሳይጥል፥ ሰማዩ ሳይጠቁር፣
ቀድሞ ይረጥባል የመጋዘኑ ሥር።
አባቴ አባ ዱራ መሬቱን ዳስሶ
«ዛሬ ይዘንባል» ይላል፥ ጣቱን ልሶ።

ቆዳ አያለፋም እሱ፤ ያ የሌላ ሰው ሙያ፤
የሱ ጨው መነስነስ ነው፥
በአካፋ፥ በቁና፥ በእፍኝ፥ በኩባያ።
ከቄራ የመጣው ትኩስ፥ ደም ያዘለ፣
ጨው ሲያገኝ ውሃውን እየተፋ ዋለ።
ትሉ ተስፋ ቆርጦ ሲያማትር ሌላ ሥጋ፣
ሌጦው እንደ ሳንቃ ደርቆ ግድግዳ ተጠጋ።
«ጨው» ይላል አባቴ «ምንም አይጨምርም፤
ያለውን ያወጣል፤ ሌላ ተአምር የለውም።»

የአባቴ አያት፥ ይባላል፥ አሞሌ ቆጥሮ ከዚሁ ሜዳ
ላም ነድቶ ገባ።
ዛሬ ጨው የሚነሰነሰው በላሚቱ ቆዳ።

ተማሪ ቤት ደግሞ መምህር ነጌሶ
በጠመኔ ጻፈ፥ ሰሌዳውን አብሶ፦
«አንዱ ብረት ነው፥ ውሃ ሲነካው የሚነድ፤
አንዱ ጋዝ ነው፥ ሲስቡት ሳንባ የሚያርድ፤
ሁለቱ ሲጋቡ ጠባቸው ይቀራል፤
ወጡም ይጣፍጣል።»
ሠርጉ አልታየኝም። የታየኝ የአባቴ መዳፍ፣
በየስንጥቁ ነጭ መስመር፥ እንደ ደረቀ ቦይ አፋፍ።

ግቢ የታሰረው በሬያችን ጉራቻ
ሸሚዙን ይልሳል ከገመዱ ላይ፥ ብቻውን ለብቻ።
ሰው «ፍቅር ነው» ይላል። እኔ እንጃ። ላቡ ነው፤
ከብትም እንደኛው ነው፥ ደሙ የሚለምነው።

አክስቴ ሩቂያ ከማና ስትመጣ
ሻሿ ከአንገቷ ላይ ለአፍታም አይታጣ።
ከሥሩ ያለውን ሁላችን እናውቃለን።
«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን እንቀልዳለን
በሌላ ሰው ችግር፥ በሌላ ቤት ነገር፤
እሷ ስትገባ ነው ተረቱ የሚሰበር።

በዚያው ወር ጤና ጣቢያ ትንሽ ጠርሙስ ሰጡን፤
«የየቤታችሁን ጨው ፈትኑበት» አሉን፤
«ጠብታው ሲያርፍበት ሐምራዊ ከሆነ
አዮዲን አለበት፤ አንገታችሁ ዳነ።»

ከመደርደሪያው ላይ ጣሳውን አወረድኩ፤
አንድ ማንኪያ በሰሐን፥ አንድ ጠብታ ጣልኩ።
ነጭ።
ደገምኩ። ነጭ። እንደ ጥጥ፥ እንደ ጠመኔ።
ያለ ድምፅ ሲመሰክር ያየሁት ያኔ።

አባቴ በር ላይ ቆሞ፥ ጫማውን ሳያወልቅ፣
መለሰ፥ ገና ምንም ሳልጠይቅ፦
«ከቆዳው ጆንያ ነው። ከሊፋ በግማሽ ዋጋ ሰጠኝ፤
ደሞዝ ሲዘገይበት በጨው ከፈለኝ።
ጨው ጨው ነው ብዬ ነው። ሰባት ዓመት።
ለእሷም በየወሩ በፌስታል ላክሁላት።»

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይላል ተረቱ፤
ጣፍጦ ነበር እኮ።
እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ።

ቅዳሜ የታሸገ ጨው በፓኬት ገዛ፤
እናቴ ከምድጃው አራቀችው፥ ክዳኑን አጥብቃ ይዛ፤
ፀሐይ ካየው፥ እንፋሎት ከነካው፥ ያ ነገር ይበራል አሉ።
የተረፈውን የቆዳ ጨው ለጉራቻ ሰጠን፤
አልተጸየፈም፤ እጃችንን ላሰን።

የሩቂያ አንገት ግን ያው ነው፥ አልጎደለም፤
ነርሷ እንዳለችው፥ የቆየ እንቅርት በጨው አይመለስም።
ልጇ ግን ነፍሰ ጡር ናት። ለእሷ ነው ፓኬቱ።
አባቴ ራሱ ወሰደው፥ በዝናብ፥ ተሻግሮ አዌቱን፥ በብብቱ።

አሁንም ሐምሌ ነው። ጆንያው ያነባል።
እሱም ሥራው ላይ ነው፤ ሌጦ ላይ ይነሰንሳል።
ማታ ግን ሲገባ፥ እጁን ሳይታጠብ፣
ከሰሐን ፊት ቁጭ ብሎ፥ ጠብታ ሲያንጠባጥብ
አየዋለሁ፤ ትንፋሹን ውጦ፣
ነጩ ሐምራዊ እስኪሆን ድረስ አፍጦ።